የእናቴ የዱቤ ደብተርና የእኔ ፓይተን

ስምንት ወር ሙሉ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚያስተምር ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። አስተማሪው ሲጽፍ አብሬው እጽፋለሁ፣ ሁሉም ይገባኛል። ቪዲዮው ሲዘጋ ግን ባዶው ገጽ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ያቅተኛል።

እናቴ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላት። የዱቤ ደብተሯ ዘይት ጠጥቶ ጠርዙ አልቋል። ጥቅምት ላይ "ይሄን በኮምፒውተር ልስራልሽ" አልኳት። "ስራ፣ ደብተሬን ግን እንዳትነካ" አለችኝ። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ኋላ ያወጣን ግን ያው ደብተር ነው።

የመጀመሪያውን በአንድ ማታ ጨረስኩት። ስም ታስገባለህ፣ ብር ታስገባለህ፣ ይደምራል። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ የተመዘገበው ዱቤ ሁሉ አብሮ ሄደ። ፋይል ላይ ስለማስቀመጥ የሚያስተምረውን ክፍል "በኋላ አየዋለሁ" ብዬ ዘልዬው ነበር። መብራት እንደመጣ መረጃን ፋይል ላይ የሚያስቀምጠውን ኤስኪውላይት ተማርኩ።

ቀጥሎ የሰኢድ ጉዳይ መጣ። ደንበኛውን የምለየው በስሙ ብቻ ነበር። ወሎ ውስጥ! ሰፈራችን ብቻ ሦስት ሰኢድ አለ። እናቴ "ሰኢድ ሾፌሩ"፣ "ሰኢድ የሸርፍ ተራው" እያለች ትጽፋቸዋለች። የእኔ ፕሮግራም ሦስቱንም አንድ ሰው አድርጎ ዕዳቸውን ደመረው። አንደኛው ሳሙና ሊገዛ መጥቶ የሰው ዘይት ተጠየቀ። እኔ መግቢያ ጠፋኝ፤ እናቴ "አብሽር" ብላ ደብተሯን ገለጠች። ያን ማታ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ቁጥር ሰጠሁ።

የባሰው ፍለጋው ነው። እኔ "ሰኢድ" ብዬ እመዘግባለሁ፣ እህቴ "ሰዒድ" ብላ ትፈልጋለች፣ የለም ይላታል። ሁሴን፣ ሑሴን፣ ሁሤን፣ ሑሤን ለጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐ የሚተዋወቁ አይደሉም። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ ደግሞ 4736 ነው። ስለዚህ ከፍለጋው በፊት ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ሰንጠረዥ ሰራሁ፣ ከነሰባቱ ድምፃቸው። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ሀ እና ሃ ራሳቸው እንደሚለያዩ ያወቅኩት በመጨረሻ ነው። የሚቀየረው ለፍለጋ የሚያገለግለው ቅጂ ብቻ ነው፤ የሰው ስም እንደተጻፈ መቆየት አለበት ባይ ነኝ። "ሰይድ" ብሎ የሚጽፈውን ግን እስካሁን አልቻልኩትም። መሀመድና ሙሀመድም እንደዚያው።

ቀኑም አናደደኝ። ጥቅምት 30ን በ2ኛ ወር ሳስገባ ፓይተን ፌብሩዋሪ መስሎት እምቢ አለ። ጳጉሜንማ ጭራሽ፣ 13ኛ ወር የሚባል አያውቅም። የራሴን ቆጣሪ ስጽፍ ግን የእኛ አቆጣጠር ለኮድ እንዴት እንደሚመች አየሁ። 12ቱም ወር 30 ቀን ነው፣ ጳጉሜን 5። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ፣ እንደ 2015 ዘመነ ሉቃስ ማለት ነው፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። በቃ።

አሁን ማታ ማታ ደብተሩንና ፕሮግራሙን እናስተያያለን። ባለፈው ሳምንት 40 ብር አልገጠመም። ኮዴን ስፈትሽ አመሸሁ። ለካ እናቴ አንዱን ሳሙና ሁለቴ ጽፋው ኖሯል።

"አብሽሪ" አልኳት። አልሳቀችም።