ክሬዲታችሁ ላይ «ሞቷል» ከተባለ ለባንኩ መደወል ብቻውን አይበቃም

ይሄን ምጽፈው አሜሪካ ላላችሁ ነው፣ በተለይ ለእናት ለአባታችሁ ደብዳቤ ምታነቡ ልጆች እስከመጨረሻው አንብቡት። በሕይወት ያለ ሰው ክሬዲት ሪፖርቱ (የብድርና የአከፋፈል ታሪኩ ሚጻፍበት መዝገብ) ላይ ሞቷል ተብሎ ሲመዘገብ ስኮሩ፣ ማለት አበዳሪዎች ሚያዩት ነጥብ፣ ዝቅ አይደለም ሚለው፣ ጭራሽ ስኮር አይወጣለትም። ከዛ አፓርታማ ሲያመለክት አይሆንም፣ የመኪና ብድር ሲጠይቅ አይሆንም፣ አንዳንዴ እንደውም በሞተ ሰው ስም ሊበደር የመጣ ሌባ ተደርጎ ይታያል። ሚደርሰው ደብዳቤ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ማንነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» ምናምን ነው ሚለው፣ ስለዚህ እንደሞተ መመዝገቡን ሚያውቀው ብዙ ከተጉላላ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለዩ። አንዱ ከሶሻል ሴኩሪቲ ነው። መስሪያ ቤቱ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ የሞት ሪፖርት ይቀበላል፣ ስህተት ሆኖ ሚገኘው ከ1 ፐርሰንት ሲሶ እንኳ አይሞላም ይላል። ትንሽ ትመስላለች ግን ከ3 ሚሊዮን ላይ ስታሰሉት በሺዎች ሚቆጠር ሰው ሊሆን ይችላል። በዚህ በኩል ከመጣ የጡረታው ብር ይቆማል፣ ሜዲኬር ይበላሻል፣ ባንክ አካውንት ሁሉ ሊዘጋ ይችላል። መፍትሄው ኦሪጅናል መታወቂያ ይዞ ቅርብ ያለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ በአካል መሄድ ነው። ሲያስተካክሉ «ኢሮኒየስ ዴዝ ኬዝ፣ ሰርድ ፓርቲ ኮንታክት ኖቲስ» ሚባል ደብዳቤ ይሰጣሉ፣ እሱን በስሙ ጠይቃችሁ ሳትቀበሉ አትውጡ፣ ለባንክም፣ ሪፖርቱን ለሚያዘጋጀው ድርጅት ለክሬዲት ቢሮም ሚታየው እሱ ነው።

ሁለተኛው ግን ሶሻል ሴኩሪቲ ምንም ሳያውቅ ባንኩ ራሱ ሚፈጥረው ነው። ባንኮች ለክሬዲት ቢሮዎቹ በየወሩ መረጃ ሲልኩ ሰው ሞቷል ሚሉት በአንድ ፊደል ነው፣ ኤክስ ከገባች አለቀ። የጋራ አካውንት ላይ ባል ሲሞት ሚስት ላይ ትገባለች፣ ልጁ ለአባቱ ፈርሞ ከነበረ አባት ሲሞት ልጁ ላይ ትገባለች። የጡረታው ብር እየገባ፣ ሪፖርቱ ላይ ደግሞ አንድ ወይ ሁለት አካውንት ብቻ ሞቷል ካለ ጥርጣሬያችሁን ወደ ባንኩ አዙሩት።

አንዲት ማውቃቸው እናት የደረሰባቸው ይሄ ነው። ባለቤታቸው አርፈው የሞት ሰርተፍኬቱን ለባንኩ ላኩ፣ ባንኩ እሳቸውንም አብሮ ሞተዋል አለ። ገና ሐዘን ላይ ሆነው ስልክ ይዘው ይውላሉ፣ በደወሉ ቁጥር «አስተካክለናል እናቴ» ይባላሉ፣ ምንም የለም። በጣም ያናደደኝ ያ ሁሉ ስልክ በሕግ በኩል ለሳቸው ምንም አለመያዙ ነው። በ1970 የወጣው ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት ባንኩን አላጣራህም ብላችሁ እንድትከሱት ሚፈቅደው ቅሬታው በክሬዲት ቢሮው በኩል ሲደርሰው ነው። ለባንኩ በቀጥታ አንድ ዓመት ሙሉ ብትደውሉ ያ መብት አይመጣም። ብዙ ሰው ሚጎዳው እዚህ ጋ ነው፣ እባካችሁ ይቺን ለሰው ንገሩ።

ስለዚህ ዲስፒዩት (ስህተት ነው ሚል ቅሬታ) በወረቀት ጻፉ፣ ስህተቱ ላለበት ቢሮ ሁሉ፣ ለኢኩፋክስም ለኤክስፒሪያንም ለትራንስዩኒየንም ለየብቻው። በሕይወት አለሁ፣ ይሄ አካውንት ላይ ሞቷል ሚለው ስህተት ነው፣ ብላችሁ በግልጽ። የመታወቂያ ኮፒ፣ አድራሻ ሚያሳይ ቢል፣ የሶሻል ሴኩሪቲው ደብዳቤ ካለ እሱ፣ ስህተቱ ያለበት ገጽ ተከቦበት። በሰርቲፋይድ ሜይል ከነመቀበያ ደረሰኙ ላኩት፣ የሁሉንም ኮፒ አስቀሩ። ኦንላይን ይቀላል ሚል ሰው አለ፣ እኔ አልመክርም፣ ሞቷል የተባለ ሰው ማንነት ማረጋገጫው ላይ ብዙ ጊዜ ስለማያልፍ ሪፖርቱን ራሱ በፖስታ መጠየቅ ሊኖርባችሁ ይችላል። ብድር ከተከለከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቃችሁ ያ ውሳኔ የተሰጠበትን ሪፖርት ነጻ ታገኛላችሁ።

ቢሮው ለማጣራት 30 ቀን አለው፣ አንዳንዴ እስከ 45 ይሄዳል። ከዛ በኋላ «አጣርተናል፣ ልክ ነው» ካሉ ሎየር ጋ ሂዱ። ለእኚህ እናት ሁለቱ አስተካከሉ፣ ሦስተኛው ልክ ነው ብሎ መለሰ፣ ሎየሩ ኬሱን የያዘው በዛ ደብዳቤ ነው፣ ሪፖርታቸውም የተስተካከለው ከዛ በኋላ ነው። ብር የለኝም ብላችሁ አትቅሩ፣ ካሸነፋችሁ የሎየሩን ክፍያ ተከሳሹ እንዲከፍል ሕጉ ስለሚል የኮንሲዩመር ሎየሮች አብዛኞቹ ቅድሚያ አይጠይቁም። ብንሸነፍስ ወጪው የማነው ሚለውን ግን ሳትፈርሙ ጠይቁ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ናሽናል አሶሲዬሽን ኦፍ ኮንሲዩመር አድቮኬትስ ዌብሳይት ላይ በስቴታችሁ ያለ ሎየር መፈለግ ይቻላል።

ካሳው የደረሰባችሁን ጉዳት ነው ሚከተለው፣ ያጣችሁት ብድር፣ ያመለጠ ቤት፣ ጭንቀቱም ጭምር። ሆን ብለው ወይም በግድየለሽነት ከሆነ ጉዳቱን በገንዘብ ማሳየት ባትችሉም ከ100 እስከ 1,000 ዶላር አለ፣ ፍርድ ቤቱ መቅጫ ሊጨምርበትም ይችላል። የተከለከላችሁበትን ደብዳቤ ሁሉ ያዙ። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትራንስዩኒየን ጉዳይ ላይ ከ8,185 ሰው ካሳ መጠየቅ የቻሉት ሪፖርታቸው ለሌላ ድርጅት የተላከው 1,853 ብቻ ናቸው ብሏል። ስህተቱ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ማንም ካላየው ፌደራል ፍርድ ቤት ላይ ይከብዳችኋል፣ ያ ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዳየው ማሳያችሁ ነው። ጊዜም አለው፣ ካወቃችሁበት ቀን 2 ዓመት፣ ስህተቱ ከተፈጸመ ደግሞ ቢበዛ 5።

ክሬዲት እናስተካክላለን ብለው ቅድሚያ ብር ሚጠይቁትን አትስሟቸው፣ ስራውን ሳይጨርሱ መቀበል በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው።

ተስተካከለ ከተባላችሁ በኋላም ወር ሁለት ወር ቆይታችሁ ሪፖርቱን እንደገና አውጡ። ባንኩ ያቺን ፊደል ደግሞ ልኳት ከሆነ ተመልሳ ትገባለች። የተሰረዘ ነገር ሲመለስ ቢሮው በ5 የስራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊያሳውቃችሁ ይገባል፣ ካላሳወቀ እሱም ለሎየሩ ሚነገር ነው።