ፎቶው ደረሰ፣ ምስጢሩ ቀረ

ቢሯችን ጎንደር ፒያሳ ነው፤ የዲዛይንና የሕትመት ሥራ እንሠራለን። ባሕር ዳር ላለችው ባልደረባችን የሰርቨር ፓስወርድ መላክ ነበረብን። ኮድ መጻፍ የሚወደው ወጣቱ ልጃችን "በፎቶ ውስጥ ደብቄ እልክላታለሁ" አለ።

ድረ ገጻችን ላይ ካለው የፋሲል ግንብ ፎቶ ጀመረ። ዲጂታል ፎቶ የነጥቦች፣ ማለትም የፒክስሎች ጥርቅም ነው። እያንዳንዱ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን የሚናገሩ 3 ቁጥሮች አሉት፤ ከ0 እስከ 255። 154 የነበረውን ቀይ 155 ብታደርገው ማን ያውቅብሃል? ኮምፒውተር ቁጥሩን የሚጽፈው በ0 እና በ1 ነው፤ እያንዳንዷ 0 ወይም 1 ቢት ትባላለች። መደበቂያዋ የእያንዳንዱ ቁጥር የመጨረሻ ቢት ናት። አንድ የአማርኛ ፊደል፣ ፊደልን ወደ ቢት በሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ፣ 24 ቢት ይፈጃል። ከአንድ ፒክስል 3 ቢት ስለሚገኝ፣ ለአንድ "ሀ" 8 ፒክስል በቂ ነው። ባለ 1 ሚሊዮን ፒክስል ፎቶ ከ100,000 በላይ ፊደል ይውጣል፤ አንድ ፓስወርድማ ምኑም አይደል።

ፎቶው በምንጻጻፍበት አፕ ሄደ። "ኧረ ምንም የለውም!" አለች ልጅቷ። እሷ ፕሮግራሙን፣ እሱ ኔትወርኩን ይወቅሳሉ።

ፋይሉ ስንት ይመዝናል ብዬ ጠየቅኋት። ከእኛ ሲወጣ ብዙ ሜጋባይት ያለው ፒኤንጂ፣ ማለትም ከፎቶው ምንም ሳይጥል የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ነበር፤ እሷ ጋ የደረሰው ጥቂት መቶ ኪሎባይት ያለው ጄፔግ ነው። አፑ ፎቶ ሲላክበት ይጨምቃል። ጄፔግ ደግሞ መጠን የሚቀንሰው ዓይን የማይለየውን እየጣለ ነው፤ ምስጢሩ የተቀመጠው እዚያው ላይ! "እንደ ፋይል" ተብሎ ሲላክ ሳይነካ ደረሰ፤ ፓስወርዱም ወጣ።

ልጁ ደስ ሊለው ሲል አለቃችን መጡ።

"አንተ፣ ይሄ ፕሮግራም ሌላ ሰው እጅ ካለስ?"

"ያወጣዋል፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምኑን ደበቅኸው?"

እውነታቸውን ነው። መደበቅ መቆለፍ አይደለም። መጀመሪያ ጽሑፉ ኢንክሪፕት ይደረጋል፣ ማለትም ቁልፉ የሌለው ሰው እንዳያነበው ይቆለፋል፤ ከዚያ ይደበቃል። ዋናው ፎቶ አደባባይ ላይ ካለም ሁለቱን አስተያይቶ ልዩነቱን ማግኘት ቀላል ነው። ስለዚህ ልጁ ካሜራውን ይዞ ወጣ። ከጥርት ያለ ሰማይ ይልቅ የግንቡን ሸካራ ድንጋይ አቅርቦ እንዲያነሳ ነገርኩት፤ ወጥ በሆነ ቀለም ላይ ለውጡ ቶሎ ይነቃበታል። ፓስወርዱን ግን ያኔውኑ ቀየርነው፤ ሳይቆለፍ ወጥቷላ።