600 ዋት የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ

ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ቤት ነው የምሠራው፣ ጥገናም ሽያጭም አለ፣ በብዛት የሚመጣልን የቢሮ ዴስክቶፕ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፕ፣ ፕሪንተር ምናምን ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ጌሚንግ ኮምፒውተር በዝቷል፣ ከደብረ ሲናም ከአጣዬም ከመሐል ሜዳም ይዘው ይመጣሉ፣ አብዛኞቹ የሚሉት ደግሞ አንድ ነገር ነው፣ «ጌም ስከፍት ይጠፋል»። ይሄን የምጽፈው ለነሱ ነው፣ ከነሱም በላይ ለወላጆች፣ ምክንያቱም ልጅ «ቪጂኤ ካርድ ግዛልኝ» (ግራፊክስ ካርድ ማለት ነው፣ የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) ሲል ብሩን ቆጥሮ የሚሰጠው አባት ወይ እናት ናቸው፣ ምን እንደተሸጠላቸው ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳቸውም።

አንድ ቀን ከሸዋ ሮቢት አንድ ሰውዬ መጡ፣ ሽንኩርትና ማሾ የሚነግዱ ጎልማሳ ናቸው፣ ኬዙን በብርድ ልብስ ጠቅልለው መኪና ላይ አቅፈውት ነው የመጡት። ልጃቸው ጌም ይጫወትበታል፣ የሠርግ ቪዲዮም ኤዲት እያደረገ ትንሽ ትንሽ ይሠራበታል። ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ካርዱ ሞቷል ብለውኛል፣ ጠንከር ያለ ሌላ ስጡኝና ልሂድ» አሉ። ማን እንዳላቸው ስጠይቅ እዛው ሰፈር የሚሠራ ልጅ በስልክ ሰምቶ ነው፣ ኮምፒውተሩን እንኳ አላየውም።

የሥራ ባልደረባዬ ወዲያው መደርደሪያው ላይ ከነበረው አርቲኤክስ 3060 ቲአይ የሚባል ካርድ አወረደላቸው። ሊያታልላቸው አይደለም፣ እሱም የሚያውቀውን ነው ያደረገው፣ ካርቶኑን አዙሮ አየ፣ 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ከግድግዳ ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ይፈልጋል ይላል፣ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ ፓወር ሰፕላዩን አየ፣ እዛም ላይ በትልቁ 600 ተብሎ ተጽፏል። «በቃ ልክ ነው፣ ይሄው ይገጥማል» አላቸው። ሰውየውም ብር ሊያወጡ እጃቸውን ኪስ ከተቱ።

እኔ ግን ቆይ እስቲ ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎት አልኩና መቼ መቼ እንደሚጠፋ ጠየቅኳቸው። «ከሰዓት ከሰዓት ነው የሚብሰው፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ ሲጫወት ያድራል ምንም አይለውም፣ ደግሞ እናቱ ምጣድ የጣደች ቀን ወዲያው ነው ድርግም የሚለው» አሉኝ። አዲስ አበባ ሲገዙትስ ሲባሉ እዛ ሲሞከር ደህና እንደነበር ነገሩኝ።

ከዚህ ወዲያ ካርዱን መንካት አላስፈለገኝም። የሞተ ካርድ ሰዓት መርጦ አይሞትም፣ ሌሊት ሠርቶ ከሰዓት አይጠፋም። ከሰዓት ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ የት እንደሚደርስ የሄደ ያውቀዋል፣ እኛ ከ2,800 ሜትር በላይ ብርድ ላይ ተቀምጠን እሷ 1,300 አካባቢ ናት፣ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ሲሞቅ የመስጠት አቅሙ ይወርዳል፣ ጥሩዎቹ አቅማቸው በ40 ወይም በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለክቶ ነው የሚጻፈው፣ ርካሾቹ ቢለኩ እንኳ በ25 ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ እሱ ሲበራ የቤቱ መብራት እንደሚደክም ሁላችንም እናያለን፣ ያኔ ከግድግዳው የሚመጣው ቮልት ስለወረደ ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ዋት ለማውጣት ብዙ አምፒር መሳብ አለበት፣ አቅም ያለው ይቋቋመዋል፣ የሌለው ይጠፋል።

ከኋላ ያሉትን አራት ብሎኖች ፈትቼ ፓወር ሰፕላዩን ከኬዙ አወጣሁት። መጀመሪያ የሚታወቀው ክብደቱ ነው፣ ሳጥኑ ያው ነው ግን ውስጡ ባዶ የሆነ ያህል ይቀላል፣ ከኋላው ደግሞ 115 እና 230 የሚል ቀዩ ማዞሪያ አለው (ባይዘዌይ ይሄን ማዞሪያ ልጆች እንዳይነኩት አድርጉ፣ እኛ ሀገር መብራቱ 220 ስለሆነ ወደ 115 ከዞረ ሲሰካ ጧ ብሎ ይቃጠላል)። ጎኑ ላይ ስቲከር አለ፣ ማንም የማያነበው ስቲከር። 600 የሚለው በትልቁ ነው፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ሠንጠረዥ አለ፣ 3.3 ቮልት 28 አምፒር፣ 5 ቮልት 30 አምፒር፣ 12 ቮልት 18 አምፒር።

ካርቶን ቀደድኩና እስክሪብቶ አምጥቼ ሰውየው እያዩ ጻፍኩላቸው። ጋሼ፣ የዛሬ ኮምፒውተር የሚበላው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከዚህ ከ12 ቮልቱ ነው፣ ካርዱም ፕሮሰሰሩም። ቮልቱን በአምፒር ሲያባዙት ዋት ይሆናል፣ 12 በ18 ስንት ነው? 216። ካርዱ አርኤክስ 580 ነው፣ ሙሉ ሲሠራ ብቻውን 185 ዋት ይወስዳል፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 ነው፣ 65፣ ሁለቱ ብቻ 250 ሆኑ፣ ፋኑን ሃርድ ዲስኩን ማዘርቦርዱን ገና አልቆጠርንም። የቀሩትን መስመሮች ሁሉ ብንደምራቸውም 600 ቀርቶ 480 አይሞሉም፣ የ3.3ቱና የ5ቱ ቮልት ደግሞ ለግራፊክስ ካርዱ ምንም አይፈይዱለትም።

ሰውየው ነጋዴ ናቸው፣ ሁለቴ አላስደገሙኝም። «ኬሻው ላይ መቶ ኪሎ ብለው ጽፈው ሚዛን ላይ አርባ የማይሞላ ማለት ነዋ!» አሉ። በእውነት ከዛ በላይ ማስረዳት አልችልም ነበር።

ባልደረባዬ ግን አላመነም፣ እሱም ልክ ነው፣ ስቲከር ስቲከር ነው፣ ተለክቶ መታየት አለበት። መልሰን ገጠምነውና ቮልት መለኪያ ቴስተሩን ትርፍ ሞሌክስ (ባለ አራት ሽቦው የድሮ ሶኬት) ላይ፣ 12 ቮልት በሚወጣበት በቢጫውና በጥቁሩ ላይ ሰካሁት። ዊንዶውስ ብቻ ተከፍቶ 12.05 ያሳያል፣ ጥሩ ነው። ፉርማርክ (ካርዱን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራ መፈተኛ ፕሮግራም) ስናስነሳ 11.6 ሆነ፣ ትንሽ ቆይቶ 11.4፣ ከዛ 11.3፣ የፋኑ ድምፅ ከፍ እያለ ሲሄድ 11.2 ገባ። የተፈቀደው ልዩነት 5 ፐርሰንት ነው፣ ማለትም ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም። እዚህ ብርዱ ስላገዘው አልጠፋም፣ ሱቃችን ውስጥ ቢውልም ላይጠፋ ይችል ነበር፣ ለዛ ነው አዲስ አበባ ላይ ሞክረው «ይሠራል» ብለው የሸጡላቸው።

ሌላው ያስደነገጠኝ ኬብሉ ነው። አርኤክስ 580 ባለ 8 ፒን ኬብል ይፈልጋል፣ ይሄ ፓወር ሰፕላይ ግን 8 ፒንም 6 ፒንም የለውም፣ ስለዚህ የገጠመው ሰው ሁለት ሞሌክስ ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር ተጠቅሟል። አዳፕተሩን ስነቅለው ነጩ ፕላስቲክ በቢጫው ሽቦ በኩል እንደ ተጠበሰ ቡናማ ሆኗል፣ አንዱ ፒን ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ አልለቅም አለ፣ ሽታውም አለ። ያ ልጅ ክፍሉ ውስጥ እዛ አጠገብ ተኝቶ ነው የሚያድረው። ይሄን ሳይ ከብሩ ይልቅ እሱ ነው ያሳሰበኝ፣ አባቱም ዝም አሉ፣ ከዛ ቀስ ብለው «ቤት ይቃጠል ነበር በሉኛ» አሉ።

እና 3060 ቲአዩን አልሸጥንላቸውም። እሱ ካርድ 200 ዋት ነው፣ ከፊተኛው ይበልጣል፣ ብንሸጥላቸው ኖሮ ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር፣ ከጠፋም እሰየው ነው፣ እንደዚህ ዓይነቱ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ካርዱንም ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሞት ይችላል። የሱቁ ባለቤት ማታ ሲሰማ መጀመሪያ ቅር አለው፣ ትልቅ ሽያጭ ነው ያለፈው፣ ግን የተቃጠለውን አዳፕተር ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት እሱም ምንም አላለም። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜ አንድ ነው፣ ካርድ የሚሸጥ ሰው የገዢውን ፓወር ሰፕላይ ስቲከር ሳያይ መሸጥ የለበትም።

አሁን መግዛት ለምታስቡ፣ ካርዱ ራሱ ስንት ዋት እንደሚወስድ እወቁ። ጂቲኤክስ 1650 75 ዋት ነው፣ ብዙዎቹ ተጨማሪ ኬብልም አይፈልጉም፣ ምክንያቱም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፣ ለዛ ነው ከቢሮ የወጡትን ትንንሽ ዴሎችና ኤችፒዎች ለሚገዛ ሰው እሱን የምንመክረው፣ እነሱ ፓወር ሰፕላያቸው ትንሽ ነው፣ ቅርፁም የራሳቸው ስለሆነ በቀላሉ አይቀየርም። 1660 ሱፐር 125 ነው፣ አርቲኤክስ 4060 ደግሞ ከሱ አዲስ ሆኖ ሳለ 115 ብቻ ነው፣ መብራት ለሚያስቸግረው ሰፈር እኔ እሱን በጣም ነው የምወደው። 3060 170፣ 3070 220፣ 3080 ሲደርስ 320 ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ለቅፅበት ከዛም በላይ ዘሎ ስለሚስብ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ጭራሽ አይሞከርም። ባለ 6 ፒን ኬብል 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን 150 ዋት እንዲሸከም ነው የተሠራው። ከሳታ ኬብል (ለሃርድ ዲስክ መብራት የሚሰጠው) ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር አያለሁ፣ እሱን በማርያም አትግዙ፣ የሳታ ሶኬት በ12 ቮልቱ ከ54 ዋት በላይ እንዲሸከም አልተሠራም፣ ካርዱ 150 ይጠይቀዋል።

80 ፕላስ ስለሚባለው ደግሞ፣ ብሮንዝ ጎልድ ምናምን የሚለው የጉልበት ማስረጃ አይደለም፣ ከግድግዳው ከሚስበው ስንቱን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ ነው የሚናገረው። ኮምፒውተሩ 250 ዋት ቢፈልግና ፓወር ሰፕላዩ 85 ፐርሰንት ቢሆን ከግድግዳ 294 ይስባል፣ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ብሮንዝ ለኛ ይበቃል። እኔ መጀመሪያ የማየው የ12 ቮልቱን አምፒር ነው (ደህና 550 ዋት ከ42 እስከ 45 አምፒር ይሰጣል)፣ ቀጥሎ ማዞሪያ ሳይኖረው ራሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል መሆኑን፣ ከዛ ባለ 8 ፒን ኬብሉ ከራሱ የሚወጣ መሆኑን።

ሰውየው ኮምፒውተሩን እኛ ጋ ትተው ሄዱ፣ ልጁ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ 550 ዋት ብሮንዝ ይዞ መጣ፣ ከመግዛቱ በፊት የስቲከሩን ፎቶ ልኮልኝ ነበር፣ 12 ቮልቱ 43 አምፒር፣ 516 ዋት ማለት ነው። አሮጌውን አርኤክስ 580 መልሰን ገጠምንለት፣ ያው «ሞቷል» የተባለውን ካርድ፣ ፉርማርክ ከፍተን ቴስተሩ ከ11.9 አልወረደም። ሸዋ ሮቢት ወስዶት ምጣድ ተጥዶ ሳለ ሞክሮት አልጠፋም፣ ደውሎ ሲነግረኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

እዛው ስልክ ላይ «ብሮ፣ እንግዲህ አሁን 3060 ቲአይ ብጨምርበትስ?» አለኝ። በሒሳቡ ይችላል፣ ካርቶኑ 600 ቢልም የካርዱ ድርጅት ኢንቪዲያ ያንን የሚጽፈው ሰው ምን ዓይነት ፓወር ሰፕላይና ፕሮሰሰር እንዳለው ስለማያውቅ አስፍቶ ነው፣ የሱ ኮምፒውተር ሁሉም ተደምሮ 320 አካባቢ ነው የሚደርሰው። ግን ስክሪኑ 1080 ፒ 60 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 60 ምስል (ፍሬም) ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ካርዱ ከዛ በላይ ፍሬም ቢያወጣም አያሳየውም፣ ፕሮሰሰሩም አራት ኮር ብቻ ያለው 6ኛ ትውልድ ስለሆነ ካርዱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ስለዚህ ብሩ ካለህ መጀመሪያ ራሙን 16 ጂቢ አድርገውና ለኤዲቲንጉ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማስቀመጫ) ግዛ አልኩት።

ኤስኤስዲውን ገዛ። ሊገጥም ሲል ደግሞ የሳታ ኬብል አንሶት የጓደኛውን ፓወር ሰፕላይ ኬብል ሊሰካ ነበር፣ ደግነቱ መጀመሪያ ጠየቀኝ። እንዳታደርገው አልኩት፣ ተነቃይ ኬብል ሃርድ ዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆንም ፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አሰላለፍ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፣ ይገጥማል፣ ግን 5 ቮልት መሄድ ያለበት ቦታ 12 ቮልት ሊሄድ ይችላል፣ ያኔ ኤስኤስዲውም ሠርጎቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክም አብረው ይቃጠላሉ። ካርቶኑን ፈልግ፣ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር የመጣ ትርፍ ኬብል ይኖራል አልኩት፣ ፈልጎ አገኘው፣ እሱን ሰካ።