ከሱባ እስከ ወፍ ዋሻ፦ የክረምት መውጫ ቅዳሜዎቻችን

የተጋባነው በግንቦት 2010 ነው። የጫጉላ ጉዞ የሚባል ነገር አልነበረንም። ያጠራቀምነው ብር ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያና ለፍራሽ አለቀ። ሐምሌን በሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየሰማን ከረምን። ነሐሴ ሲገባ ባለቤቴ ሻይ እየጠጣን እንዲህ አለኝ፦ «ቅዳሜና እሁድ ሁለታችንም ሥራ አንገባም። ለምን ተራራ አንወጣም?»

አማቴ ስትሰማ ደነገጠች። «በዚህ ጭቃ? ኧረ መስከረም ይጥባ ልጆቼ!» አለች። ጓደኞቻችንም ያሉት ይህንኑ ነው። አገር ማየት በጥቅምት፣ በኅዳር ነው ተብሎ ተለምዷል። እኔ ግን አሁን አልስማማም። በጥቅምት ገደሉ ላይ የሚወርደው ውሃ ቀጥኗል። ሳሩ መገርጣት ጀምሯል። ተራራ ሞልቶ የሚታየው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ ይነጋል፤ ዝናቡ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን። ሳይነጋ እንወጣለን፣ ሰባት ሰዓት ላይ ቁልቁል እንጀምራለን። ሕጉን ሁልጊዜ አላከበርነውም። ባላከበርነው ቁጥር ደግሞ እንበሰብሳለን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ነሐሴ 12 ነበር፤ የቡሄ ዋዜማ። የባለቤቴን ወንድም ፒክአፕ ተዋስን። በአየር ጤና አድርገን ሰበታ ደረስን፤ ከዚያ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ታጠፍን። ደኑ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። ከሰበታ በኋላ ያለው መንገድ ግን ኮረኮንች ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ጎማ ይይዛል። ሁለት ጊዜ ወርጄ ገፋሁ።

ደኑ ውስጥ ስንገባ ሁለታችንም ዝም አልን። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው ተደጋግፎ ቆሟል። ከቅርንጫፉ ላይ ሽበት የሚመስል ነገር ይንጠለጠላል። መሬቱ የረገፈ ቅጠል ነውና ኮቴ አይሰማም። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው አዩን፤ ነጭ ጅራታቸውን እያወናጨፉ ዘለው ሄዱ። አንድ ድኩላ መንገዱ መሃል ቆሞ አፈጠጠብን። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ባለቤቴ ስልኩን ሊያወጣ ኪሱ ሲገባ ድኩላው የለም።

አብሮን የሄደው የደን ጠባቂ የቦታውን ታሪክ ነገረን። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት፣ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉበት ይባላል። ወፍ ዋሻ የሚባለው ደን ያለው ከደብረ ሲና በላይ ነው። በዚያ ዘመን ዘሩ በአጋሰስ ተጭኖ ስንት ቀን ተጉዞ ይሆን? ደን የተመነጠረበትን ታሪክ ብዙ ሰምቻለሁ። ደን የተተከለበትን፣ ያውም ከ500 ዓመት በፊት፣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በጣም ደስ አለኝ።

አንድ ትልቅ ጥድ አጠገብ ቆምን። ባለቤቴ ጠባቂውን «ና እንቀፈው» አለው። ጠባቂው ግን እየሳቀ ራቅ አለ። ሁለታችን በሁለት በኩል ሆነን ክንዳችንን ዘረጋን። በአንዱ በኩል ጣታችን ተነካካ። በሌላው በኩል ገና ብዙ ይቀራል። ልጣጩ ጉንጬን ሲነካኝ እርጥብና ሞቃት ነበር።

ከደኑ በላይ ወጨጫ ተራራ ነው፤ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጫፉ ላይ ልንወጣ ነበር የመጣነው። እዚህ ላይ ተጣላን። ባለቤቴ እግሩ ፈጣን ነው። እኔ ደግሞ አበባ ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ፤ በዚያ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ዞር ሲል እየጠበቀኝ ነው፤ ልደርስበት ስል ይነሳል። እሱ አርፏል፣ እኔ አላረፍኩም። ሦስተኛው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ «በቃ አንተ ሂድ» አልኩት። እንባዬም መጣ። መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠ፣ በሶውን በጠበጠና ሰጠኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ፊት ፊት አንቺ ትሄጃለሽ» አለ። ከዚያ ወዲህ ተራራ ላይ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። አብራችሁ ተራራ ለምትወጡ ሁሉ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ቀርፋፋው ይምራ።

ጫፉ ላይ አልደረስንም። ጉሙ ቀድሞን ወረደ። እየመሸ ሰበታ ስንቃረብ ግን በየደጁ ችቦ በርቶ አየን። ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ። መኪናዋን አቁመን መስኮቱን ከፈትን። «ሆያ ሆዬ» እያሉ ከበቡን። ሙልሙል የለንም፤ የተረፈንን ዳቦና ሃያ ብር ሰጠናቸው። መረቁን።

ሁለተኛው ጉዞ ወንጪ ነው፤ ነሐሴ 26። ስለ ወንጪ ብዙ ተጽፏልና አላረዝመውም። በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ በአምቦና በወሊሶ መካከል። ከጠርዙ ቁልቁል ስታዩት የገብሱ ማሳ፣ እንሰቱና ውሃው ተደራርበው ይታያሉ። ወርደን በጀልባ ወደ ቂርቆስ ደሴት ተሻገርን። ስንመለስ በረዶ ያዘን። አንድ ቤት አስጠለሉንና እሳት ዳር አስቀመጡን። የተቀቀለ ድንችም በሚጥሚጣ ሰጡን። ማር ገዝተን ተመለስን። ከዚያ በኋላ ወንጪ በገበታ ለሀገር ከተሠሩት ቦታዎች አንዱ ሆኗል፤ ያኔ የወረድንበት የፈረስ መንገድ ግን አሁንም በዓይኔ አለ።

ከወንጪ ስንመለስ ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ ዝም ብሎ ቆየና «ወፍ ዋሻን ማየት አለብን» አለ። እኔም እያሰብኩት ነበር። ልጁን አይተን እናቱን ሳናይ እንዴት ይሆናል?

ጳጉሜን 3 ቅዳሜ ዋለ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ላምበረት መናኸሪያ ነበርን። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን! ደብረ ሲና! ሸዋ ሮቢት!» እያለ ይጣራል። የበዓል ሰሞን ስለሆነ አውቶቡሱ ጢም ብሏል። ከእግራችን ሥር ሁለት ዶሮዎች ታስረዋል። ሸኖን ካለፍን በኋላ ሜዳው በሙሉ አደይ አበባ ነበር። የተወሰነ ቦታ አይደለም፤ ዓይን እስከሚችለው ቢጫ ነው። ከኋላችን የተቀመጡ እናት «እሰይ! ዓመቱ ሊገባ ነው» አሉ።

ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ቁርስ በላን፣ ብርዱ አንቀጠቀጠን። ከተማዋን የመሠረቷት ራሳቸው ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። በሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ነው ስሙን ያወጡላት። ያዩት በ1456 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታየውን የሃሌይ ኮሜት ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ባለቤቴ «ሰውዬው ወደ ላይም ወደ ታችም ያዩ ነበር» አለ። እውነት ነው። ኮከብም አይተዋል፣ የተራቆተ ተራራም አይተዋል።

ጣርማበር ላይ ወረድን። እዚያ ምድር ያልቃል። ደጋው ከእግራችሁ ሥር ተቆርጦ ቆላው ታች በጉም ውስጥ ይዘረጋል። ጣልያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ እዚሁ ነው፤ መኪኖች መብራት አብርተው ይገቡበታል። ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ከጅብራው መካከል ጭላዳዎች ሳር ይግጣሉ። ሃምሳ ይሆናሉ። ተቀመጥን፤ አልሸሹንም። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጪ የትም የለም። ከዝንጀሮ ወገን በዋናነት ሳር ግጦ የሚኖር እሱ ብቻ ነው። በጣቶቻቸው ሳሩን ሲነጩ ድምፁ ይሰማል፤ ጭጭ፣ ጭጭ፣ ጭጭ። ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ጎፈሩ በነፋሱ ይነሳል። አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ እንዳዘለች በፊታችን አለፈች። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ከዚያ በፊት ከባለቤቴ ጋር እንዲህ ረጅም ሰዓት ሳናወራ ተቀምጠን አናውቅም። ደግሞ ቅር አላለንም።

ደብረ ሲና ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። የሩፋኤል ዝናብ! በጳጉሜን 3 የሚወርደው ዝናብ ጠበል ነው ይባላል። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ወጡ። «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ይዘላሉ። እኔ በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ። ጃንጥላዬን አጠፍኩና ከሆቴሉ ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። ባለቤቴም መጣ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ጥርሳችን ተንገጫገጨ። የሆቴሉ ባለቤት እመቤት እየተቆጡ ዝተት አምጥተው አለበሱን። «አዲስ ተጋቢዎች ናችሁ አይደል? በሉ ይባርካችሁ» አሉ። ማታውን በዚያ ዝተት ተጠቅልለን ሽሮ በላን።

እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ወፍ ዋሻ ጉዞ ጀመርን። የመራን አንድ ሽማግሌ የደን ጠባቂ ነው፤ ጋሼ ነበር የምንለው። ጋቢውን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ዱላውን ይዞ፣ በኮንጎ ጫማ እኛን አስከንድቶ ይወጣል። ዳገቱ አይጣል ነው። ጭቃው ያንሸራትታል። ዛፍ ሥር ቆመን ሽቅብ ብናይ ጫፉ አይታይም። ወፎቹ በየዛፉ ይንጫጫሉ። የቦታው ስም ለምን እንደዚያ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ከፍ ስንል አንድ ጥድ አገኘን። ከሱባው ይወፍራል። ባለቤቴ አየኝ፣ አየሁት። እንደዚያኛው ጊዜ ክንዳችንን ዘረጋን፤ አሁንም አልደረስንም። ጋሼ «ምን ታደርጋላችሁ?» አለ። የሱባን ነገር ነገርነው። ዘሩ ከዚህ ሄደ ሲባል ሰምተን መምጣታችንን ነገርነው።

ፊቱ በራ። «ሱባን አያችሁት? በዓይናችሁ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ አላየሁትም። አባቴ ይነግሩኝ ነበር። የኛ ልጆች ናቸው እኮ እነሱ። ደህና ናቸው? አልተቆረጡም?»

«ደህና ናቸው» አልኩት። ድምፄ ተሰበረ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ሰው አይቶት ስለማያውቀው ደን፣ ርቆ ስለሄደ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሆኖ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ዱላውን ዛፉ ላይ አስደገፈ። ጋቢውን አስተካከለና በእኔና በባለቤቴ መሃል ገብቶ እጁን ዘረጋ። መዳፉ እንደ ልጣጩ ሻካራ ነው። ሦስት ሆነን ዛፉን ዞርነው። «እንግዲህ ስታዩዋቸው ሰላም በሉልን» አለ።

ስንመለስ መንገድ ተዘጋ። ከጣርማበር በታች በሌሊቱ ዝናብ አፈር ተንሸራትቶ መንገዱ ላይ ወርዷል። ሁለት ሰዓት ቆምን። ማንም አልተማረረም። ከደብረ ሲና የገዛነውን ቆሎ አወጣን፤ ሌላው ዳቦ፣ ሌላው የባቄላ እሸት አወጣ። ያቺ «ዓመቱ ሊገባ ነው» ያሉን እናት ትዝ አሉኝ። አካፋ የያዙ ጎረምሶች ከሥር ካለው መንደር መጥተው መንገዱን ጠረጉ፤ ባለቤቴም አብሯቸው ጠረገ። አዲስ አበባ የገባነው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ልጃገረዶች አበባዮሽ ሊሉ ሲመጡ ጫማችን ደጅ ላይ ገና አልደረቀም ነበር።

ጥቅምት ላይ ፒክአፕዋን እንደገና ተዋስን። መንገዱ ደርቆ አቧራ ሆኗል። ያንን ጥድ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ ጠባቂው ነው ያሳየን። ባለቤቴ ወደ ዛፉ ተጠጋ። መዳፉን ልጣጩ ላይ አሳረፈና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከወፍ ዋሻ ሰላም ብለዋችኋል» አለ።