አጋላጭ ሁኔታ ስንል ምን ማለታችን ነው? ከጎንደር የንባብ ማስታወሻ

እንደምን ሰነበታችሁ? የኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴትና ለምን እንደሚከሰት የሚያጠና ሳይንስ) ንባቤ የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። ሰሞኑን የያዝኩት ስለ አጋላጭ ሁኔታዎች ነው። በበሽታ የመያዝ ዕድልን ከፍ የሚያደርግ ነገር ሁሉ አጋላጭ ይባላል። ሲነበብ ቀላል ነው፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ብዙ ነገር አለው።

ለእኔ በደንብ የበራልኝ በካላ አዛር ነው፤ ትኩሳት የሚያመጣና ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ ነው። ጎንደር ለምንኖር በሽታው ሩቅ አይደለም። በየዓመቱ ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። መንስኤው ሌይሽማኒያ የሚባል ጥገኛ ተህዋስ ነው፤ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ተህዋሱ ከሌለ ካላ አዛር የለም። ሜዳ ላይ ማደር፣ ግራር ሥር ጋደም ማለት፣ የምግብ እጥረትና ኤችአይቪ ግን አጋላጮች ናቸው። ሥራቸውም ይለያያል። ሜዳ ላይ ማደር ከዝንቧ ጋር ያገናኛል። የምግብ እጥረትና ኤችአይቪ ደግሞ ተህዋሱ ከገባ በኋላ ሰውነት እንዳይቋቋመው ያደርጋሉ። ተህዋሱ ከገባባቸው ብዙዎቹ እኮ ጨርሶ አይታመሙም! ግራሩስ? እሱ ማንንም አያሳምምም። ዝንቧ የሚመቻት ግራር የሚበቅልበት የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ነው። ታዲያ ግራሩን ቆርጦ ሠራተኛውን እዚያው ሜዳ ላይ ማሳደር ምን ይጠቅማል?

የአጋላጭ ሁኔታን ሐሳብ ያስፋፋው አንድ የልብ ሕመም ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ፣ ፍሬሚንግሃም ከተማ ውስጥ ተጀመረ። 5,209 ሰዎችን ለዓመታት እየተከታተሉ ማን እንደሚታመም አዩ። የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ጎልተው ወጡ።

ይህን ቡና ላይ ሳወራ አንድ ጎረቤታችን «አባቴ ዕድሜ ልካቸውን እያጨሱ ሰማንያን ዘለሉ» አሉኝ። ይሆናል። አጋላጭ ሁኔታ የብዙ ሰውን ዕድል እንጂ የአንድን ሰው ዕጣ አይነግረንም። ሲጋራ ባይኖር ስንቱ ሰማንያን ባየ ነበር!

አንድ ነገር አደራ። «አደጋውን እጥፍ ያደርጋል» የሚል ዜና ስታዩ «ከስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ10,000 ሰው 1 የነበረው 2 ቢሆን እጥፍ ነው። ከ100 ሰው 20 የነበረው 40 ቢሆንም እጥፍ ነው። ልዩነቱ ግን የትና የት!

ቀጥሎ የምገባው፣ ሁለት ነገሮች አብረው ሲገኙ የሚያሳምመው የትኛው እንደሆነ እንዴት ይለያል ወደሚለው ነው። ቀለል ያለ ማንበቢያ ያላችሁ ወዲህ በሉኝ።