ጎካርና ላይ ሳንተኛ ያደርንበት ሌሊት፣ የሕንድ ምዕራብ ዳርቻ ጉዞዬ

ሕንድ ውስጥ በትንንሽ ከተሞች ለማረፊያ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ። «የውጭ አገር ሰው ታሳድራላችሁ? ፎርም ሲ ትሞላላችሁ?» ፎርም ሲ አሳዳሪው ስለ ውጭ አገር እንግዳ ለመንግሥት የሚያሳውቅበት ቅጽ ነው። መልሱ ጥርት ያለ «አዎ» ካልሆነ አትክፈሉ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። በዚህ ምክንያት ታላቅ እህቴ በማታውቀው ከተማ፣ በእኩለ ሌሊት፣ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ አየኋት። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

የሄድነው ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ከሙምባይ ተነስተን ባሕሩን በቀኛችን አድርገን እስከ ኡዱፒ ወደ ደቡብ ወረድን። 12 ቀን ፈጀብን። ወሩ ጥሩ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከባድ ዝናብ ስለሚጥል ባሕሩ አያስገባም፣ ጎዋ ዳርቻ ያሉት የእንጨት ምግብ ቤቶችም ይፈርሳሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ሰማዩ ጥርት ይላል።

ቪዛው፣ ትኬቱ፣ ሲም ካርዱ አላስቸገሩንም። ከአዲስ አበባ ሙምባይ ቀጥታ በረራ አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ግን አትርሱ። ከኢትዮጵያ በሚመጣ ሰው ላይ በዚህ ነገር ቀልድ የለም። ክትባቱን ሕንድ ከመግባታችሁ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መውሰድ አለባችሁ። ካርድ የሌለውን እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያቆዩት ይችላሉ። ዝርዝር ሩፒም ያዙ። የመንገድ ላይ ሻይ ሻጭ ሳይቀር በስልክ ነው የሚቀበለው፣ እንግዳ ደግሞ ያን አከፋፈል ወዲያው አያገኘውም።

ብዙ ሰው ከሙምባይ በቀጥታ ወደ ጎዋ ይበራል። ሐበሻ ከሆናችሁ እንዲህ አታድርጉ። መጀመሪያ ጃንጂራን እዩ። ሙምባይ ከጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ ጀልባ ይዛችሁ አንድ ሰዓት ገደማ ወደ ማንድዋ ትሻገራላችሁ። ከዚያ በአሊባግ በኩል በአውቶቡስ ሙሩድ ትደርሳላችሁ። ራጃፑሪ ከምትባለው የመሳፈሪያ ቦታ የሸራ ጀልባ ወደ ምሽጉ ይወስዳችኋል።

ምሽጉ ባሕሩ መሀል በዓለት ላይ የተሠራ ነው። ለረጅም ዘመን የገዙት ሲዲ የሚባሉት ናቸው። ሕንዶቹ ሃብሺ ይሏቸው ነበር፤ ቃሉ ከእኛው ሐበሻ ጋር አንድ ነው። ከኢትዮጵያና ከሌላው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል በባርነት፣ በወታደርነትና በመርከበኝነት የሄዱ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ማራታ የሚባሉት የምዕራብ ሕንድ ገዢዎች ደጋግመው ሞክረው ምሽጉን መያዝ አልቻሉም። ንጉሣቸው ሺቫጂ እዚያው አቅራቢያ ፓድማዱርግ የሚባል ሌላ የባሕር ምሽግ አሠራበት፤ እሱም አልበቃም። የሲዲዎቹ ግዛት እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ቆየ። በየብስ ላይ ያለው መሬታቸው ሃብሳን ይባል ነበር፣ የሐበሾች አገር እንደማለት ነው።

ጀልበኛው ከየት እንደመጣን ጠየቀን። «ኢትዮጵያ» ስንለው ግንቡን በእጁ እያሳየ «ሃብሺ!» አለ። ፊቱ በርቶ ነበር። ውስጥ ገብተን ጨው በከበበው ዓለት መሀል ጨው የሌለበት የውሃ ኩሬ አየን። እህቴ ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችው። «እዚህ ድረስ መጥተው» አለች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ጀልበኞቹ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ውጡ ይላሉ። ቀድማችሁ ተነጋገሩና ጊዜ ጨምራችሁ ክፈሉ፤ እኔ አልጨመርኩም፣ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወደ ፓንቬል ተመልሰን የኮንካን ባቡር ያዝን። መስመሩ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ከ90 በላይ ዋሻዎች አሉት። ከጨለማ ትወጣላችሁ፣ ወንዝና የኮኮናት ዛፍ ይታያል፣ መልሳችሁ ትጨልማላችሁ።

ጎዋን በአጭሩ ልለፈው። በሰሜን ያሉት ባጋና ካላንጉት ጩኸት ናቸው። ወደ ደቡብ ወደ ፓሎሌምና አጎንዳ ውረዱ። ግን ወደ ባሕሩ ከመሄዳችሁ በፊት አሮጌው ጎዋ ግማሽ ቀን ስጡት። ፖርቱጋሎች ከተማዋን የያዙት በ1510 ነው፤ እስከ 1961 አልለቀቁም። በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫው 400 ያህል ወታደሮች ይዞ የአፄ ገላውዴዎስን ወገን ሊረዳ የመጣው ከዚህ ከተነሳ የመርከብ ጦር ጋር ነው። የትምህርት ቤት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ያለፈኝ ነገር እዚያ ወንዙ ዳር ስቆም መንገድ ሆኖ ታየኝ።

አሁን ወደ ጎካርና።

ጎካርና የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ያለባት ትንሽ የተሳላሚዎች ከተማ ናት። ማረፊያውን በአንድ የታወቀ የመያዣ ድረ ገጽ ነው የያዝኩት። የቤተሰብ ቤት ነው፣ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ፣ ርካሽ፣ ፎቶው ንጹሕ። ሁለታችንንም በኢትዮጵያ ፓስፖርት መዝግቤ የሁለት ሌሊት ሙሉውን ከፈልኩ። ማረጋገጫው በደቂቃ ውስጥ መጣ።

ጎዋ ካለው የማድጋዎን ጣቢያ የተነሳነው አመሻሽ ላይ ነበር። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ዘገየ። ጎካርና ሮድ ጣቢያ ስንወርድ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል። ጣቢያው ከከተማው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንድ ባጃጅ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሽማግሌ ሹፌር ነው፣ እንግሊዝኛው ጥቂት ነው፣ ግን ሰው ነው።

በሩን የከፈተልን ሰውዬ ከእንቅልፉ ነቅቶ ነው። ስልኬን አሳየሁት። ፈገግ አለ። ፓስፖርቱን ስሰጠው ፈገግታው ጠፋ። ሽፋኑን አየ፣ ገለበጠው፣ መለሰልኝ። «ሕንዳዊ ብቻ» አለ።

«ከፍለናል እኮ» አልኩት።

«ፎርም ሲ የለኝም። ይቅርታ።»

ፎርም ሲ ምን እንደሆነ አላውቅም። ገንዘብ የፈለገ መሰለኝ። 1000 ሩፒ አውጥቼ ልጨምርልህ አልኩት። ትልቁ ስሕተቴ ይሄ ነው። ሰውዬው ገንዘቡን ሲያይ ይበልጥ ደነገጠና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ በሩን ግማሽ ዘጋው። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ጥቁር ስለሆንን ነው ብዬ ደመደምኩ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። የጎረቤት መብራት በራ።

እህቴ እጄን ያዘችኝ። «ተው በናትህ። ሰውዬው ፈርቶ ነው እንጂ ንቆን አይደለም» አለችኝ። እኔ ያላየሁትን አይታለች። አልሰማኋትም። በሩ ተዘጋ።

ድረ ገጹ የሚሰጠው የእርዳታ ስልክ ላይ ደወልኩ። ከ20 ደቂቃ ሙዚቃ በኋላ አንዲት ልጅ አነሳች። «ችግሩን ከማረፊያው ጋር ተነጋግረው ይፍቱ» አለችኝ። ማረፊያው በሩን ዘግቶብኛል ስላት ያንኑ ደገመችው። ሁለተኛ ስደውል ሌላ ሰው ያንኑ አለ። አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎላቸው የሚያነቡ ይመስላሉ።

ባጃጁ አልሄደም ነበር። ሽማግሌው ወደ ሌላ ሦስት ቦታ ወሰደን። ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜና እሁድ የባንጋሎር ወጣት ሁሉ ወደ ጎካርና ይወርዳል፤ ይህንንም ማወቅ ነበረብኝ። አንዱ ሞልቷል። ሁለቱ ፓስፖርቱን አይተው «ፎርም ሲ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። በሦስተኛው በር ላይ ስከራከር ዞር ስል እህቴን አየኋት። ሻንጣዋን አጋድማ ቁጭ ብላለች፣ ነጠላዋን ተከናንባለች። ቀኑን ሙሉ በጾም ውላ አንድ ሙዝ ነው የቀመሰችው። አላማረረችም። ብታማርር ይሻለኝ ነበር።

«እታለም፣ ይቅርታ» አልኳት።

«ምን አጠፋህ? ወደ ባቡሩ እንመለስ፣ እዚያ መብራት አለ» አለች።

ተመለስን። ጣቢያው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ብረት ወንበር ላይ አደርን። ቢንቢው አያድርስ ነው። ሽማግሌው በምልክት «12 ሰዓት እመጣለሁ» ብሎን ነበር፣ አላመንኩትም። ሊነጋ ሲል የባጃጁን ድምፅ ሰማሁ። ከተነጋገርነው ዋጋ በላይ አንድ ሩፒ አልተቀበለም።

ከኩድሌ ባሕር ዳርቻ በላይ ኮረብታው ላይ ወዳለ ማረፊያ ወሰደን። የእንግዳ መቀበያው ልጅ የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ ተቀበለ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳን። ከየት መጣችሁ፣ ወዴት ትሄዳላችሁ፣ የአገር ቤት አድራሻ ብሎ ኮምፒውተር ላይ ሞላ። 10 ደቂቃ አልፈጀም። በቃ፣ ፎርም ሲ ማለት ይሄ ነው! የውጭ ዜጋ ያሳደረ ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት በኢንተርኔት ማሳወቅ አለበት። ለዚህ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ያልተመዘገቡት ትንንሽ ቤቶች ቅጣት ስለሚፈሩ በራቸውን ይዘጋሉ። ሰውዬው እውነቱን ነበር። በሌሊት የጮህኩበትን ሰው በበነጋው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሻይ አቀረበልኝ።

መመሪያው እንደሚለው ከሆነ ግዴታው የአሳዳሪው ነው፣ እንግዳው ፓስፖርቱን ከማሳየትና የተጠየቀውን ከመመለስ በቀር ሥራ የለውም። አትመኑ። ሌሊት በር ላይ የሚቆመው እንግዳው ነው። ድረ ገጽ ላይ «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል ዋጋ የለውም፣ ስልክ ደውላችሁ የሰማችሁት ድምፅ ነው ዋጋ ያለው። ትንሽ ከተማ በሌሊት አትድረሱ። ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ አትክፈሉ። የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ በወረቀት ያዙ፣ ቢያንስ ስምንት ስምንት። ስልክ ላይ አለ ማለት አይበቃም።

ያቺን የእሁድ ቀን ተኝተን ጨረስናት። በማግስቱ ከኩድሌ ተነስተን በእግር ኮረብታውን ተሻግረን ኦም ባሕር ዳርቻ ደረስን። ከላይ ሲያዩት ኦም የሚባለውን የሂንዱዎች ቅዱስ ምልክት ይመስላል፣ ስሙም ከዚያ ነው። ማሃባሌሽዋር በሚባለው የጎካርና የሺቫ ቤተ መቅደስ፣ ዋናው መቅደስ ውስጥ ሂንዱ ያልሆነ አይገባም። ወንዶቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ነጭ ሽርጥ ታጥቀው ሲገቡ ከውጭ ቆመን አየን። ቅር አላለኝም። እኛም ጫማ አውልቀን የምንገባበት፣ ሁሉም ሰው የማያልፈው መጋረጃ ያለበት ቤት አለን።

ሙርዴሽዋር ለግማሽ ቀን ይበቃል። ባሕር በሦስት በኩል የከበበው ኮረብታ ላይ 37 ሜትር ገደማ የሚሆን የሺቫ ሐውልት ተቀምጧል። በአሳንሰር የመግቢያውን ግንብ 18ኛ ፎቅ ውጡ። ከዚያ ላይ ሐውልቱንና የዓሣ አጥማጆቹን ጀልባዎች አንድ ላይ ታያላችሁ።

ስለ ምግቡ ደግሞ ለጾመኛ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ፣ ይህንንም ማንም አልነገረንም። ሕንድ ውስጥ «ቬጅ» ማለት የጾም ማለት አይደለም። ሥጋና እንቁላል የለበትም ማለት ነው እንጂ ወተት፣ እርጎና ንጥር ቅቤ ሊኖርበት ይችላል። አረንጓዴ ነጥብ ያለበት ማሸጊያ ሁሉ እንዲሁ ነው። ቅቤውን «ጊ» ነው የሚሉት። «ጊ የለም፣ ዘይት ብቻ» በሉ፣ ይገባቸዋል። እህቴ በመጀመሪያው ቀን ሙምባይ ላይ ሳታውቅ ዶሳ የሚባል በቅቤ የተጠበሰ ስስ ቂጣ በልታ ቀኑን ሙሉ ከፍቷት ዋለች። ከዚያ በኋላ ቫዳ ፓቭ አገኘች፣ የተጠበሰ ድንች በዳቦ፣ ከሚጥሚጣ የማይተናነስ የበርበሬ ዱቄት ጋር። ጎዋ ላይ ሶል ካዲ ጠጣች። በኮኮናት ወተትና ኮኩም በሚባል ጎምዛዛ ፍሬ የሚሠራ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም። እሷ አትበላም፣ እኔ ጎዋ ላይ የዓሣ ወጥ በሩዝ በላሁ፣ ጣፈጠኝ።

ኡዱፒ ስንደርስ ግን ሁለታችንም አረፍን። ማረፊያውን ከሁለት ቀን በፊት ደውዬ፣ ፎርም ሲ ብዬ ጠይቄ ነው የያዝኩት። የኡዱፒ ባህላዊ ምግብ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የለውም፤ የቤተ መቅደስ ምግብ ነው። ኒር ዶሳ የሚሉት አለ። ሩዝ ብቻ ነው፣ ነጭ፣ ስስ፣ ለስላሳ። እህቴ በእጇ ቆርሳ ሳምባር የሚባለው የክክ ወጥ ውስጥ ስታጠቅስ አስተናጋጁ ቆሞ አያት። «እንዲህ መብላት የት ተማርሽ?» አላት። «ቤቴ» አለችው።

በኡዱፒ ቤተ መቅደስ ያለውን የክሪሽናን፣ የሌላውን የሂንዱ አምላክ፣ ሐውልት በበር አይደለም የሚያዩት፣ ዘጠኝ ቀዳዳ ባለው በብር በተለበጠ መስኮት ነው። ካናካዳሳ የሚባል ዝቅተኛ ወገን የተባለ ሰው እንዳይገባ ሲከለከል ከኋላ ቆሞ ጸለየ፣ ሐውልቱም ግንቡን ሰንጥቆ ወደ እሱ ዞረ ይላሉ። በራቸው የተዘጋባቸውን ሰዎች ታሪክ ጎካርና ካደርኩ በኋላ በሌላ ጆሮ ነው የሰማሁት።

ያን የሁለት ሌሊት ክፍያ ድረ ገጹ እስካሁን አልመለሰልኝም። «ሕንዳውያን ብቻ» የሚለው ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር አሉኝ። እውነት ነው፣ በበነጋው አየሁት። ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብዬ ሞልቼ ገንዘቤን ሲቀበሉ ለምን አላቆሙኝም? መዝገባቸው ላይ «እንግዳው አልመጣም» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ። አራተኛውን ደብዳቤ ጀምሬዋለሁ፣ የባጃጁን ሽማግሌ ፎቶ ከኋላው ከጣቢያው ሰዓት ጋር አያይዤበታለሁ።