ካቴና የነካው ሱሪ

ዛሬ ጠዋት ባቡር ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ታጣፊ ብስክሌቴን አየት አድርገው፣ «ልጄ፣ ይቺን ይዘህ ለባቡር ለምን ትከፍላለህ?» አሉኝ።

ጣቢያው ከቤቴ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ በእግር ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ በብስክሌት 12 ደቂቃ። የቀረውን 20 ኪሎ ሜትር ባቡሩ ይቻለው። መኪናዬ ቤት ቆማለች (ባትሪዋ እንዳይሞት አልፎ አልፎ አስነሳታለሁ)።

ይህን ስነግራቸው እናትየዋ ሳቁና ወደ ቀኝ እግሬ ጠቆሙኝ። ሱሪዬ ላይ የብስክሌቱ ካቴና ቅባት አምስት ጥቁር ነጥቦች አትሟል፤ በሜትር የተለካ ይመስል እኩል ተራርቀው። ጫፉን ካልሲ ውስጥ መክተት ረስቼ!

ቢሮ እግሬን ከጠረጴዛ ስር ደብቄ ስውል አንድ ሒሳብ መጣብኝ። ብስክሌት በሰዓት 15፣ እግረኛ 5 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ በእኩል ደቂቃ ብስክሌቱ 3 እጥፍ ይርቃል። ርቀቱ በየአቅጣጫው 3 እጥፍ ሲሆን ስፋቱ 9 እጥፍ ነው። ያው ጣቢያ፣ ሐዲድ ሳይቀጠልለት፣ 9 እጥፍ ሰፈር ይደርሳል ማለት ነው። ግን ብስክሌቱን የት ያቁሙት? እኔም አጥፌ የምሸከመው ደጅ ትቼው ስመለስ እንዳላጣው ፈርቼ ነው።

ሱሪው እስካሁን እንደተዘፈዘፈ ነው። ከአምስቱ ነጥብ ሁለቱ ለቀዋል።